የሙሄ ቀን መቁጠሪያ

ግድግዳው ላይ አለ፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣
ጠርዙ የተላጠ፣ ቀኖቹ በቀይ ብዕር የተከበቡበት፤
ፒያሳ፣ ከጨርቅ መደብሩ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
መስኮቱን ብትከፍተው ጦሳ የማይታይበት።
ጉሙ ነዋ። ሐምሌ ነው።

ዘጠና ቀን ነበር የመታመናችን ዕድሜ።
ዘጠና አንደኛው ቀን ላይ ስማችን ይጠፋል፤
ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር
ገጻችንን ሲከፍት ቀይ ጽሑፍ ይጮህበታል፦
«አስተማማኝ አይደለም፤ ተመለስ!»
አራጋው የሚባል የተሳቢ ሾፌር አንድ ሌሊት ደውሎ
«እህቴ፣ ሐረጎን በጉም የወረድኩ ሰው
እንዴት በገዛ ስልኬ ተመለስ እባላለሁ?» አለኝ።

ሙሄ በእጁ ነበር የሚያድሰው፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፊደል በፊደል።
ከሩቅ ያለው መስካሪ እንዲህ ይለዋል፦
«ቤቱ ያንተ ከሆነ ይህችን ቃል በርህ ላይ ጻፍ፤
መጥቼ ካነበብኳት አምንሃለሁ።»
ቃሏ ትርጉም የላትም፤
ዶሮ የጫረቻት፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቁባት።
ግን ባለቤት ካልሆነ በዚያ በር ላይ ማን ይጽፋታል?
ሙሄ ይጽፋታል። ይጠብቃል። ይጠብቃል።
መስካሪው ያነባል።
ሙሄ ይደመስሳታል።
ዘጠና ቀን ሰላም።

ጡረታ ወጥቶ ሐርቡ ወረደ፣ ብርቱካኖቹ ዘንድ።
በሄደ በሳምንቱ፣ እኔ ሰነፍ ነኝና
(ስንፍናም አንዳንዴ ዕውቀት ነው)
ሃያ ሰባት መስመር ጻፍኩ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ስክሪፕቱ ይነቃል፣
የደመናውን መዝገብ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ
ቃሏን ይለጥፋል፣ መስካሪውን ይጠራል፣
ቃሏን አጥፍቶ፣ ዘግቶ፣ ተመልሶ ይተኛል።

እዚህ ከተማ ደመናን ማን ያምናል?
ከጦሳ ሲወርድ ቤት ይውጣል፣ ሰው ይውጣል፤
እኔ ግን በር ሠራሁበት፣
ስማችንን ጻፍኩበት።

ሙሄ በየሦስት ወሩ ይደውላል። «አደስሽው?»
«ራሱ ያድሳል» እለዋለሁ።
ዝም። ከዚያ፣ «ራሱ ማን?»
ሲሰለቸኝ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ሃያ ስምንተኛዋን፦
ቢሳካም ባይሳካም ለሙሄ አጭር መልእክት ይላክ።
ለሽማግሌ ማባበያ ብዬ ነው።
አልዋሽም፣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ሌሊት፣ ስክሪፕቱ ተነሳ፤
ቃሏን ይዞ ደመናው በር ደረሰ፣ ቁልፉን አዞረ።
ቁልፉ ራሱ ጊዜው አልፎበታል።
ሁሉን የሚያድሰው ራሱን ማደስ ረሳ።
(የረሳሁትስ እኔ ነኝ፣ እሱ ምን ያውቃል።)
ስልኬ ጮኸ። ስምንት ሰዓት ከሩብ።
«ጦይባ፣ ተነሺ። አልታደሰም ይላል።
ልጁ በር ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ ክፈቺለት።»
«ሙሄ፣ ገና ሦስት ቀን አለን፣ ልተኛበት።»
«ሦስት ቀን ምን አላት?
እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ሾፌሩም መንገድ ላይ ነው።»

ብርድ ልብስ ተከናንቤ አዲስ ቁልፍ ቀረጽኩ።
ቃሏ በሩ ላይ ወጣች፤ ተነበበች፤ ጠፋች።
ሐርቡ ላይ አንድ ስልክ «ታድሷል» ብሎ ተንጫጫ፤
መልስ አልመጣም። ተኝቷል መሰለኝ፣ በመጨረሻ።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቀይ ብዕር ፈለግኩ።
የሙሄ ቀን መቁጠሪያ ዓመቱ ካለፈ ስንት ጊዜው፤
ቢሆንም ሚያዝያ ላይ፣ በሃያ ሦስቱ፣
አዲሱ ቁልፍ ሳያልቅ፣
ክብ ልሠራ ሞከርኩ።
ብዕሩ ደርቋል።
ጫፉን ሁለቴ በምላሴ ነካ አደረግሁት፣
ከዚያ ጻፈ።